ጭብጨባ ለባዳ

የእንግዳ ጫማ እንዳይጠልፈው የኪቦርዱን ገመድ ከምንጣፉ ጠርዝ ጋር አስተካክላ በፕላስተር እየለጠፈች ነበር። ፕላስተሩን በጥርሷ ትቆርጣለች፣ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፣ በጉልበቷ ትንሽ ትሄድና እንደገና ትቆርጣለች። ሳሎኑ ገና ባዶ ነው። ወንበሮቹ ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፤ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተዘርግቷል። ያን ልብስ ታውቀዋለች። የጠርዙ ሰማያዊ ጥልፍ እንዳይጨፈለቅ እናቷ ላውንደሪ ውስጥ በጀርባው ገልብጣ ስትተኩሰው እያየች ነው ያደገችው።

ከገመዱ ፊት አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ መጥቶ ቆመ።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ?»

ቀና አላለችም። ድምፁን ለመለየት ቀና ማለት አያስፈልጋትም።

«ይበሉ» አለች።

«እርስዎ ሆንኩ?»

«የቀጠሩን ሰው ነዎት።»

የቤቱ አንድያ ልጅ፣ መሐንዲሱ፣ ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ሳብ አድርጎ ከጎኗ ቁጢጥ አለ። ጆሮው አጠገብ ሁለት ሦስት ሽበት ወጥቶበታል። ሽበቱን ማየቷ አናደዳት፤ ሳትፈልግ ነው ያየችው።

«ዛሬ የእማዬና የአባዬ የጋብቻ በዓል ነው። በየዓመቱ በዚህ ቀን አንዲት ዘፈን ትዘፍንለታለች፤ ሌላ ስጦታ አይቀበልም» አለ ድምፁን ቀነስ አድርጎ። «አምና ጉሮሮዋን ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ድምጿ ይሰበራል። ብነግራት ደግሞ "እንግዲያው ይቅር" ትላለች፤ እልኳን ታውቂዋለሽ... ማለቴ፣ እልከኛ ናት። አንቺ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብታደርጊላት ሳታውቀው ታልፋለች።»

ኪቦርዱ ላይ የዘፈኑን ድምፅ ዝቅና ከፍ የምታደርግ ትንሽ ቁልፍ አለች። ሁለት ጊዜ መጫን ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም።

«ለጋሼ ይንገሩት። የባንዱ መሪ እሱ ነው።»

«ለእማዬ የምትጫወቺላት አንቺ ብቻ ነሽ። ደግሞ...» ፕላስተሩን ከመሬት አንስቶ አቀበላት። «አንቺን አምንሻለሁ።»

አምንሻለሁ የምትለዋ ቃል እንደ ስድብ ጆሮዋ ውስጥ ገባች።

«እሺ» አለችው።

ጫማው ራቀ። የመጨረሻዋን ቁራጭ ለጥፋ በመዳፏ ደጋግማ መታቻት። ያን ሁሉ ዓመት በሐሳቧ ስትስለው የኖረችውን ቢላ፣ ራሱ እጀታውን ወደ እሷ አዙሮ ሰጥቷት ሄደ። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቀ። ደስታ ነበር፤ ግን ሰው ፊት የማይታይ ዓይነት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ያኔ ሁለቱም ተማሪዎች ነበሩ። በየሳምንቱ መጨረሻ ከጓደኞቻቸው ጋር አንዱ ቤት ይሰበሰቡና፣ አንዱ ጊታር፣ አንዱ ጠርሙስ በማንኪያ፣ እሷ የትምህርት ቤቱን አሮጌ ኪቦርድ እየተጫወቱ ያመሹ ነበር። እሱ ምንም መጫወት ስለማይችል የሙዚቃ ወረቀቱን የሚገልጥላት ሆነ። ወረቀቱን ማንበብም አይችልም። መቼ እንደሚገልጥ የሚያውቀው ዓይኗን አይቶ ነበር። እሷ ቀና ትላለች፣ እሱ ይገልጣል። እንዲህ ሲተያዩ ከርመው አንድ ቀን ወረቀቱ ካለቀም በኋላ መተያየታቸው አልቆመም።

«እቤት ነይና ቤተሰቦቼን ተዋወቂ» ያላት ያኔ ነው። አባቱ ዳኛ፣ እናቱ ርዕሰ መምህርት። እናቷ የልጇን ቀሚስ ለሦስተኛ ጊዜ እየተኮሰች፣ «ስሚ፣ እዚያ ቤት ስትገቢ የጠረጴዛ ልብሱን እንዳትነኪው፤ ትናንት ነው የሠራሁት» አለቻት። ሳቁ። ሳቋን ይዛ ሄደች።

ሳሎኑ ዘመድ በዘመድ ነበር። ተጫወቺ አሏት። ጣቶቿ በረዱና አንድ ቦታ ሳተች። «ከሀ!» የሚል ድምፅ ከትልቁ ወንበር መጣ፤ ርዕሰ መምህርቷ ነበረች። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እዚያው ቦታ ሳተች። «ከሀ!» ሕፃናቱ ሳይቀሩ ጮኹ። ሦስተኛውን ስትስት ዓይኖቹን ፈለገች፤ እነዚያን ወረቀት የሚገልጡ ዓይኖች። እሱም ይስቃል። እንባው እስኪወርድ፣ እናቱን ትከሻዋ ላይ እየመታ ይስቃል።

ተነስታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ደብዳቤዎች ጻፈላት። አንዱንም አልከፈተችም። ከተተኮሰው የጠረጴዛ ልብስ እጥፋት ውስጥ እየከተተች፣ ከነልብሱ ቤታቸው መለሰችለት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ተሳስታ አታውቅም። ባልደረቦቿ «ብርዶ» ያሏት ለዚህ ነው፤ ስትጫወት አትስቅም፣ አያልባትም፣ አትሳሳትም። ጥሩ ስም ነው ብላ ተቀብላዋለች። ብርዶ የሚመታው ከላይ ወርዶ ነው።

ሲመሽ ቤቱ ሞላ። ጋሼ በሽማግሌ ጣቶቹ ጊታሩን ያባብለዋል። ድራም መቺው፣ ከማንም ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚመታ «ሹክሹክታ» የሚሉት፣ ዓይኑን ከድኖ ይወዛወዛል። ሰዎች ብርጭቆ ይዘው ይጨፍራሉ፤ አጎቶች ከእህቶቻቸው ልጆች ጋር፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር። የርዕሰ መምህርቷ እህት፣ ወፍራሟ አክስት፣ ወንበሯን ጎትታ ከኪቦርዱ አጠገብ ተደላደለች።

«እዚህ ይሻለኛል» አለች፤ ኬኳን ጭኗ ላይ አድርጋ። «ባሌ ጭፈራ ሲያምረው እኔን የሚያገኝበት ቦታ አይደለም።»

ከርዕሰ መምህርቷ ዘፈን በፊት እንግዶች ተራ በተራ መዝፈን የሚሞክሩበት ሰዓት መጣ። ጎረቤቱ ፋርማሲስት ማይኩን ጨበጠ። ግጥሙን ረሳ፣ ዜማውን ረሳ፣ በመጨረሻ የጀመረውንም ዘፈን ረስቶ በሌላ ጨረሰ። ቤቱ ሞቅ አድርጎ አጨበጨበለት።

«አረደው እኮ!» አለቻት አክስት በጆሮዋ።

«አጨበጨባችሁለት እኮ» አለች እሷ፤ ጣቶቿን ሳታቆም።

«ምን እናርግ? ባዳ ነው።»

ነገሩ አልገባትም። ልትጠይቅም አልቻለችም፤ ርዕሰ መምህርቷ አጠገቧ ቆማለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ አንገቷ ላይ ስስ ሻርፕ ጠቅልላለች።

«እጅሽ ንጹሕ ነው፣ ልጄ። የት ነው የተማርሽው?»

«እዚሁ ሰፈር።»

«ጎበዝ! ወላጆችሽ ምንኛ ደስ ይላቸው!» ትከሻዋን ነካ ነካ አድርጋ አለፈች።

አላወቀቻትም። ያን ሁሉ ዓመት ያልተኛ ቁስል፣ ላቆሰለው ሰው አንድ ተራ ምሽት ነበር። ብትሰድባት በተሻላት። ንዴቷ ጣቶቿ ድረስ ወረደ። ጣቶቿ ግን አልተንቀጠቀጡም፤ ብርዶ ናቸው።

በመጨረሻ ሰዓቱ ደረሰ። ጋሼ ጊታሩን ደገፍ አድርጎ አስቀመጠ፤ ሹክሹክታ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ዳኛው፣ አሁን ምርኩዝ የሚይዝ ረጅም ሰው፣ ወንበሩን ራሱ ጎትቶ መሐል ላይ ተቀመጠ። ርዕሰ መምህርቷ ማይክ አልያዘችም። እጆቿን እንደ ትንሽ ተማሪ ከፊቷ አጣመረች።

መሐንዲሱ ከመጽሐፍ መደርደሪያው አጠገብ ቆሞ የሚያየው እናቱን አይደለም፤ የኪቦርዲስቷን ጣት ነው።

ጣቷ ትንሿ ቁልፍ አጠገብ ደረሰ። ከዚያ አለፋት፤ አልነካትም። የመግቢያውን ዜማ በራሱ ድምፅ፣ ሴትዮዋ በወጣትነቷ እንደዘፈነችው፣ አንድም ሳትሳሳት ተጫወተችው። ዘፈኑን በትክክል መጫወት ወንጀል አይደለም። ዳኛ ፊት እንኳ ቢቀርብ አያስፈርድባትም።

መሐንዲሱ ከመደርደሪያው ተላቀቀ። ግን ምን ያደርጋል? እናቱ ጀምራለች።

በሩን አልዘጋሁም፣ መብራቱም አልጠፋ፣
እስክትመጣ ድረስ ልቤ እንዳይከፋ።

የመጀመሪያው ስንኝ ዝቅተኛ ነው፤ ለስላሳ ሆኖ አለፈ። ሁለተኛው ይወጣል። «እስክትመጣ» ላይ ሴትዮዋ አገጯን ቀና አደረገች፣ የአንገቷ ጅማት ተወጠረ፣ ድምጿ ጫፉ ላይ ደርሶ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ቀጥሎ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። እጇ ወደ ሻርፗ ሄደ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

ለዚያች አጭር ጊዜ ኪቦርዲስቷ ሙሉ ሰው ሆነች። ዝምታው ጣፈጣት። ያቺ ሴት ሰው ሁሉ እያያት፣ በራሷ ሳሎን፣ በራሷ ዘፈን ተሰብራለች። ቅመሺው አለች በልቧ። እንዲህ ነው የሚጎመዝዘው።

«ከሀ!» ብላ ጮኸች አክስት።

ሳቁ እንደ ጎርፍ ተለቀቀ። «ከሀ! ከሀ!» አሉ ሕፃናቱ። ዳኛው ምርኩዙን ወለሉ ላይ እየደበደበ «ከሀ!» አለ። ርዕሰ መምህርቷ ዓይኖቿ እንባ እንዳቀረሩ ራሷም ሳቀች። «በሰፈርኩት ቁና!» አለች፤ ድምጿ ሻካራ ሆኖ። «ውሃ ስጡኝና እንደ ሕጉ እጀምራለሁ።»

ኪቦርዲስቷ ወደ ጎን ዞረች። «ለሰው ሁሉ እንዲህ ትላላችሁ?» አለቻት አክስትን።

«ምን በወጣን! ለቤት ሰው ብቻ ነው እንጂ። እህቴ በማስተማር ዘመኗ ያመጣችው ሕግ ነው፤ የራሳችን ሰው ከሳተ ከሀ ይጀምራል። ለባዳ ጭብጨባ ነው። ባሌን አየሽው? ሁለተኛ ልጃችን እስኪወለድ ድረስ ሲያጨበጭቡለት ነው የኖረው፣ ምስኪን!» ሳቋን ጨርሳ ኬኳን በሹካ ወጋችው። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው እህቴ ሕጉን የጣሰችው። ይሄ ልጅ አንዲት ተማሪ ይዞ መጥቶ ነበር፤ በመጀመሪያ ቀኗ "ከሀ" አለቻት! አቤት የዚያን ቀን ደስታው፤ እናቱን በጥፊ ሊገድላት ነበር። ልጅቷ ግን ተነስታ ውልቅ። ኩራተኛ ነበረች መሰለኝ።»

ኪቦርዱ ላይ ነጩም ጥቁሩም አንድ ሆነባት።

ያ ሳቅ። እንባው እስኪወርድ የሳቀው ሳቅ። ዕድሜዋን ሙሉ የሞቀችው እሳት በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ ቤቷ ውስጥ ሌላ ማገዶ የለም።

ርዕሰ መምህርቷ ብርጭቆውን መለሰች። እጆቿን አጣመረች። ሰው ሁሉ የሚስቅ ይመስላል፤ መሐንዲሱ ብቻ አይስቅም። ሕጉ ሕግ ነው፤ እናቱ ደግማ ትጀምራለች፣ ደግማ ትሰበራለች፣ ደግመው ከሀ ይሏታል።

ኪቦርዲስቷ ትንሿን ቁልፍ ጫነች። አንዴ። ሁለቴ።

ዜማው ዝቅ ብሎ ተነሳ። ርዕሰ መምህርቷ በመጀመሪያው ድምፅ ወደ ኪቦርዱ ዞረች፤ ሰማች፤ አወቀች። ዓይኖቿን ጠበብ አድርጋ ኪቦርዲስቷን አየቻት። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ ዘፈነች። ድምጿ እንደ ድሮው አልነበረም። እንደተለበሰ ብርድ ልብስ ነበር፤ ሳሳ ያለ፣ የሚሞቅ። «እስክትመጣ» ላይ ሳይሰበር አለፈ። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር፤ ዘፈኑ አልቆም ይጠርግ ነበር።

ማንም አላጨበጨበም። ተነስተው ከበቧት።

ከዘመዶቿ እቅፍ ወጥታ ወደ ኪቦርዱ ስትመጣ ርዕሰ መምህርቷ ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። ጎንበስ አለች።

«ሁለተኛው ድምፅ ይስማማኛል» አለች ቀስ ብላ። «ልጄ ነግሮሽ ነበር አይደል? የመጀመሪያውን ለምን ከፍ እንዳደረግሽው አሁን ገባኝ። ፊትሽን አሁን ለየሁት፤ ያቺ ተነስታ የሄደችው ነሽ። አልረሳልሽም፣ ልጄ።»

ያቺም ተራዋን ተወግታለች። ኪቦርዲስቷ በዚህ ደስ ሊላት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

በእረፍቱ ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ስትቀዳ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

«አደራ ብዬሽ ነበር» አለ መሐንዲሱ።

ቧንቧውን አልዘጋችም። «እኔም ያኔ አንተን አምኜ ነው የመጣሁት።»

«በሽተኛ ናት! የኔ ጥፋት ካለ እኔን ምቺኝ፤ እሷን ለምን?»

«እሷን ስመታ የሚያመው አንተን ስለሆነ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ክብደቱን ያወቀችው። እሱ በሩን ተደገፈ።

«ስትስቅ አየሁህ» አለች። «ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ አንተን ነው ያየሁት። ወረቀቱን እንድትገልጥልኝ ነበር ያየሁህ።»

«ተቀብላሽ እኮ ነው! እኔ ለዓመት ስለምናት፣ የላውንደሪ ሠራተኛ ልጅ ስትለኝ፣ ስታኮርፈኝ የነበረችው እናቴ በአንድ ምሽት "ከሀ" አለችሽ። ምን ላድርግ? ከደስታ ሳቅሁ። በደብዳቤ ጽፌልሻለሁ፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ፣ በመጀመሪያው መስመር።»

«አልከፈትኳቸውም።»

«አውቃለሁ። ከጠረጴዛ ልብሱ ውስጥ አንድ በአንድ እኔው ነኝ የለቀምኳቸው።»

አዲስ ንዴት መጣባት፤ እንባ የቀላቀለ። «ታዲያ እግር የለህም? ደብዳቤ መጻፍ የቻለ ሰው ላውንደሪው በር ላይ መቆም ያቅተዋል? ያልነገራችሁኝን ሕግ ከየት ልወቅ? ያለ መያዣ በር ሠርታችሁ ልትከፍተው አልቻለችም ትላላችሁ!»

«ኮራሁ» አለ። «አልሄድም፣ ትምጣ አልኩ። ስትቀሪብኝ ደግሞ እጅግ ብዙ ጊዜ አለፈ። ይሄን ባንድ የቀጠርኩት ጊታሩን ብዬ አይደለም። አንቺ እንዳለሽበት ሰምቼ ነው።»

«እኔም እንዳንተው በኩራቴ ተቀጣሁ በለኛ።»

«ተቀጣሽም፣ ቀጣሽም» አለና እጁን ዘርግቶ ቧንቧውን ዘጋው። «እኔ ግን ዛሬ ላይሽ ጓጉቼ ነበር። አሁን ላይሽ አልችልም።»

ወጣ። እጇ ላይ ያለው ብርጭቆ አፉ ድረስ ሞልቷል፤ እርጥብ እጇን ማድረቅ እንኳ አላሰኛትም።

«ብርዶ፣ ነይ! የመጨረሻዋን እንጫወታት!» አለ ጋሼ ከሳሎን።

የመጨረሻው የጭፈራ ዘፈን ነበር፤ ስፍር ቁጥር ለሌለው ጊዜ የተጫወቱት። ሰው ሁሉ ተነስቷል። ሹክሹክታ በዱላዎቹ ቆጠረ፣ ገቡ።

ድምፁ እንደተጣሉ ጎረቤቶች ሆኖ ወጣ። ጊታሩ አንድ ቤት፣ ኪቦርዱ ሌላ ቤት። ጨፋሪዎቹ አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ቀሩ። ጋሼ ጊታሩን አፍኖ አፉን ከፍቶ አያት፤ ብርዶ ተሳስታ አያውቅማ። ለርዕሰ መምህርቷ ብላ የጫነቻትን ትንሿን ቁልፍ መመለስ ረስታለች።

ፋርማሲስቱ በትሕትና ማጨብጨብ ጀመረ። አንድ ሁለት እንግዶች ተከተሉት። ከትልቁ ወንበር ሌላ ጭብጨባ ተጨመረ፤ ዝግ ያለ፣ የታሰበበት። ርዕሰ መምህርቷ ናት። ዓይን ዓይኗን እያየቻት ታጨበጭባለች። ዘመዶቿ ነገሩ ባይገባቸውም እሷን አይተው አጨበጨቡ።

ይህ ነው እንግዲህ። ድሮ ሳቅ ነው ያባረራት፤ ጭብጨባ ከሳቅ ይልቅ እንደሚያቆስል አሁን አወቀች። አንገቷን ደፋች። እንዲያዩት የማትፈቅደውን ፊት ደብቃ ቁልፏን ልትመልስ እጇን ዘረጋች።

«ከሀ።»

ከበሩ አጠገብ ነው የመጣው። አልጮኸም፤ አልሳቀም። እንደ አባቱ፣ ፍርድ እንደሚያነብ ሰው ነው ያለው። የእናቱ እጆች አየር ላይ ቆሙ። ልጇን አየች። እሱም አያት፤ ፊቱ እንደተኮሳተረ፣ ዓይኑን ሳይሰብር።

«እማዬ፣ ከሀ» አለ እንደገና።

ርዕሰ መምህርቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ሰማሽ?» አለች ኮስተር ብላ። «ከሀ! እስክታስተካክይው ድረስ ደግሞ ማንም ቤቱ አይሄድም።»

«ከሀ!» አለች አክስት እፎይ ብላ፤ ሕፃናቱ ተቀበሏት፣ ቤቱ ተናወጠ።

ኪቦርዲስቷ ሳቀች። ሹክሹክታ ዱላ ከእጁ ጣለ፤ ስትስቅ አይቶ አያውቅማ። ቁልፏን ወደ ቦታዋ መልሳ ጀመረች፣ ከደስታ ብዛት ሳተች፣ «ከሀ!» አሏት፣ እንደገና ጀመረች። በሦስተኛው ቀና ስትል እሱ ከግራዋ ቆሟል፤ ወረቀት የሚገልጥ ሰው የሚቆምበት ቦታ። ወረቀት የለም። ዓይኗን ግን እየጠበቀ ነበር።

እንግዶች መውጣት ሲጀምሩ ተንበርክካ ፕላስተሩን ከምንጣፉ ላይ መላጥ ያዘች። እሱ ከሌላው ጫፍ ይልጣል። መሐል ላይ ተገናኙ።

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለ።

«እኔም ተናድጄብሃለሁ።»

«ነገ ላውንደሪው በር ላይ እቆማለሁ።»

«እናቴ ጋ ነው የምትመጣው? ተዘጋጅ፤ እሷ ከእናትህ ትብሳለች።»

ገመዱን ከመዳፏ እስከ ክርኗ እያዞረች፣ ዙሩን ከዙር ሳታቀላቅል ጠቀለለችው። ጫፉን በጥቅሉ ወገብ ላይ አሰረች። የምታስቀምጥበት ቦታ ስትፈልግ ረጅሙ ጠረጴዛ አጠገቧ ነበር። ሰማያዊ ጥልፉን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ጥቅሉን ከነአቧራው ነጩ ልብስ ላይ አኖረችው።